የ14 ቀን የጫካ ቆይታ፦ ልጄን ስለላክሁበት አገልግሎት

ስታዲየም አካባቢ ቢሮ ያለው አንድ ድርጅት «ጠባያቸው ያስቸገረ» ታዳጊዎችን ለሁለት ሳምንት ጫካ አስገብቶ በእግር ጉዞና በምክር ለማገዝ ቃል ይገባል። የ16 ዓመት ልጄን በጥር 2017 መጨረሻ፣ በግማሽ ዓመቱ የትምህርት ቤት ዕረፍት ወቅት፣ ለዚህ ድርጅት አደራ ሰጥቼ ነበር። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ ከማነሣቸው ጉድለቶች አንዳንዶቹ ከባድ ናቸው፣ እነርሱንም በጽሑፍ አቅርቤላቸው ገና እየተነጋገርንባቸው ነው። ይሁንና በሥራ ቦታዬም በሰፈርም ብዙ ወላጆች ስለ አገልግሎቱ ስለሚጠይቁኝ፣ ያየሁትንና ኋላም አንብቤ የተረዳሁትን በልጄ ፈቃድ እዚህ አሰፍራለሁ።

ልጄ ያደገው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ከአያቱ ጋር በኖርንበት የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። በ2016 ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ እኛ ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ገባን፤ አብረውት ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ግን ከነቤተሰባቸው ወደ ከተማው ዳርቻ ተበተኑ። በዚያው ዓመት ክረምት እናቴ አረፈች። ከዚያ ወዲህ ልጄ ሌሊት አይተኛም፣ ቀን አይነቃም፤ ስጠራው አይመልስልኝም። ከትምህርት ቤት እየቀረ በዕድሜ ከሚበልጡት ልጆች ጋር ጫት መቃም ጀመረ፤ የታክሲውን ገንዘብ በኳስ ውርርድ ጨረሰው። በመጨረሻም የአያቱን የብር መስቀል ሸጠ። መስቀሉ ከነበረበት ሣጥን ፊት ቆሜ ያለቀስሁትን ልቅሶ በእናቴ ቀብር ዕለት እንኳ አላለቀስሁትም።

የቤተ ዘመዱ ምክር ሁለት ዓይነት ነበር። አክስቴ ጠበል ይጠመቅ ብላ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ለሰባት ቀን አብራው ወጣች። ስለ ጠበሉ ክፉ ቃል አይወጣኝም፤ በእነዚያ ሰባት ቀናት ልጄ በማለዳ ተነሥቶ ከአክስቴ ጋር ዳገቱን እየወጣ፣ ማታ ማታ እንቅልፍ ይወስደው እንደ ነበር በዓይኔ አይቻለሁ። ወንድሜ ደግሞ «ገጠር ይላክ፣ ከብት ሲጠብቅ ልብ ይገዛል» አለ። ይህ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው፤ ራሱ ወንድሜ በልጅነቱ አባታችን መንዝ ልኮት ሁለት ዓመት ከአያታችን ጋር ተቀምጦ ተመልሷል። እዚያ ምን እንዳገኘ ስጠይቀው ስለ ብርዱና ስለ በጎቹ ጥቂት ተናገረና፣ አያታችን ማታ ማታ እግሩን በሞቀ ውኃ እያጠበች የዋለበትን ሁሉ በየስሙ ትጠይቀው እንደ ነበር ረዘም አድርጎ አወራኝ። ዛሬ መንዝ ውስጥ እግሩን የሚያጥብለት ዘመድ የለንም። ወደ ስታዲየሙ ቢሮ የወሰደኝም ይኸው ነው፤ ዘመድ በነፃ ይሰጥ የነበረውን ነገር በገንዘብ ልገዛ ሄድሁ።

ከመሄዴ በፊት ግን ልጄን በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል አስመርምሬዋለሁ፤ ይህንን በማድረጌ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ሐኪሙ እኔን ውጭ አስቀምጦ ልጁን ለብቻው አነጋገረው። ድብርት እንዳለበት፣ ራሱን ስለ መጉዳት አስቦ እንደ ሆነ በቀጥታ እንደ ጠየቀውና ለጊዜው እንደዚያ ያለ ሐሳብ እንደሌለው፣ ክትትሉ ሳይቋረጥ ወደ ጫካ መሄዱም እንደማይጎዳው ነገረኝ። ይህንን ማረጋገጫ ከእኔ የጠየቀ ግን አልነበረም። ድርጅቱ ያስሞላኝ ቅጽ የምግብ አለርጂን፣ የጫማ ቁጥርንና የአደጋ ጊዜ ተጠሪን ብቻ ይጠይቃል። በከባድ ድብርት ወይም እውነታን በሚያሳጣ የአእምሮ ሕመም ያለ ልጅ፣ ወይም ሱስ በድንገት ሲቋረጥበት ሰውነቱ የሚታወክ ልጅ፣ ያለ ሐኪም ከሆስፒታል ርቆ ድንኳን ውስጥ ቢያድር ምን ሊደርስበት እንደሚችል ያሰበ ሰው ቅጹን በአንድ ገጽ አይጨርሰውም ነበር።

በቢሮው የተቀበለችኝ ሠራተኛ ትሑትና አስተዋይ ናት። ልጄ ለመሄድ ፈቃደኛ ላይሆን እንደሚችል ስነግራት ግን «ዘመድ ጥየቃ እንሄዳለን ብለው ያምጡልን፣ ከደረሰ በኋላ ይለምዳል» አለችኝ። ሌሎች ወላጆችም እንደዚያ ያደርጋሉ ብላ አጽናናችኝ። እውነቱን ለመናገር ልስማማ ትንሽ ነበር የቀረኝ፤ ደክሞኝ ነበር። ማታ ቤት ገብቼ ልጄ ሶፋው ላይ በጎኑ ተኝቶ ሳየው፣ ከእኔ ጋር የቀረችው እምነት ይህችኑ ታህል ከሆነች በውሸት ጫካ ወስጄ ልጨርሳት አልችልም ብዬ ተውሁት። እውነቱን ነገርሁት። ሦስት ቀን እንቢ አለ። በአራተኛው ቀን ሁለት ነገር ጠየቀኝ፦ በየእሑዱ እንዲደውልልኝ፣ ለትምህርት ቤት ጓደኞቹም የት እንደሄደ እንዳልናገር። ሁለቱንም ቃል ገባሁለትና ሄደ።

ይህን ማታለል እንደ ትንሽ ነገር የሚያዩት ሰዎች ዘዴው የት እንዳደረሰ ቢያውቁ ጥሩ ነው። በአሜሪካ የዚህ ዓይነቱ አገልግሎት ዋይልደርነስ ቴራፒ ይባላል፤ እዚያም ወላጆች የቀጠሯቸው አጃቢዎች ሌሊት መኝታ ክፍል ገብተው ልጁን ቀስቅሰው፣ ሳይወድ በመኪና ጭነው የሚወስዱበት አሠራር ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት ኖሯል። በዚህ መንገድ የተወሰዱ ብዙ ሰዎች ካደጉ በኋላ ሲመሰክሩ፣ ከጫካው ሁሉ በላይ ያልለቀቃቸው ያቺ ሌሊት እንደ ሆነች ይናገራሉ። ወላጄ አሳልፎ ሰጠኝ ብሎ የገባ ልጅ፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት መካሪውን በመስማት ሳይሆን መውጫውን በመፈለግ እንደሚያሳልፍ መገመት አያዳግትም።

የአገልግሎቱ ሥር ግን ከዚህ የተሻለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ኩርት ሃን የተባለው መምህርና የመርከብ ኩባንያ ባለቤቱ ሎውረንስ ሆልት በዌልስ፣ አበርዶቪ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ ወጣት መርከበኞች በጦርነቱ መካከል መርከባቸው ቢሰምጥ በሕይወት እንዲቆዩ የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ከፈቱ። አውትዋርድ ባውንድ የሚባለው እንቅስቃሴ ከዚያ ተነሣ። በ1960ዎቹ ደግሞ በአሜሪካ ዩታ የሚገኘው ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ በበረሃ የመኖር ሥልጠና ለተማሪዎቹ ይሰጥ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ያደጉ ሰዎች ሥልጠናውን ለተቸገሩ ታዳጊዎች አዋሉት። ሐሳቡ ቀላል ነው። ልጁ ከለመደው ሰፈር፣ ስልክና ጓደኛ ይርቃል፤ እሳት ካላነደደ አይሞቅም፣ ካላበሰለ አይበላም፤ የድርጊቱ ውጤት በሰው ቁጣ ሳይሆን በራሱ በብርዱና በረኃቡ ይደርሰዋል። ከዚያ ጎን ለጎን ባለሙያ ያነጋግረዋል። የኋለኛው ከሌለ የቀረው ካምፕ ነው።

«ይጠቅማል ወይ?» ለሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ ትንተና ከሁሉ ይበልጥ ረድቶኛል። ጥፋት ፈጽመው የተገኙ ወጣቶችን የተመለከቱ 28 ጥናቶችን በአንድ ላይ የመዘነው ይህ ሥራ፣ በተራራና በጫካ መርሐ ግብር ካለፉት 29 በመቶው፣ ካላለፉት ደግሞ 37 በመቶው ተመልሰው ጥፋት ውስጥ እንደገቡ ያሳያል። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ በቢሮው ግድግዳ ላይ እንደተሰቀሉት ፎቶግራፎች ግን አያስፈነድቅም። ትንተናው ሁለት ተጨማሪ ነገሮችን ይናገራል፤ የአካል እንቅስቃሴያቸው የበረታና የምክር ሕክምና የታከለባቸው መርሐ ግብሮች የተሻለ ውጤት አስገኝተዋል፤ እስከ ስድስት ሳምንት ባሉት አጫጭር ቆይታዎች ውስጥ ግን የቀኑ ብዛት ውጤቱን አልለወጠም፣ ከአሥር ሳምንት በላይ የቆዩትማ እንዲያውም ያነሰ ጥቅም ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሌላ ትንተና፣ ወላጆቻቸው ከኪሳቸው የከፈሉላቸውን 2,399 ተሳታፊዎች በ36 ጥናቶች ተመልክቶ፣ ለራስ በሚሰጥ ግምትና በጠባይ ረገድ መካከለኛ መሻሻል አግኝቷል። ደካማ ጎኑ አብዛኞቹ ጥናቶች ልጆቹን ካልሄዱ እኩዮቻቸው ጋር አለማነጻጸራቸው ነው፤ ታዳጊ ልጅ ደግሞ ጊዜ በራሱ ሊያሻሽለው ይችላል።

ወደ ልጄ ቆይታ ልመለስ። ካምፑ መናገሻ ሱባ ደን ውስጥ ነበር፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት እየተባለ የሚነገርለት፣ በወጨጫ ተራራ ጎን ያለ ጥንታዊ ደን ነው። ስምንት ወንዶች ልጆች፣ ሁለት የቡድን መሪዎች፣ አንድ የሥነ ልቦና አማካሪና አንዲት ምግብ አብሳይ ነበሩ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ይነሣሉ፤ የወደቀ እንጨት ብቻ ለቅመው እሳት ያነዳሉ፤ ቆሎና ሻይ ቀምሰው እስከ እኩለ ቀን ይጓዛሉ። የጥር ሌሊት እዚያ ከፍታ ላይ አጥንት ይሰብራል፤ ድርጅቱ የሰጠው የመኝታ ከረጢት ስስ ስለ ነበር ልጆቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ጋቢ ደርበው ተኝተዋል። ጋቢውን ያስያዝነው እኛ ወላጆች ነን፤ ያስያዘ ባይኖር ምን ይሆኑ ነበር ብዬ እጠይቃለሁ። በአሥራ አንደኛው ቀን ወጨጫ ጫፍ ላይ ወጥተው አዲስ አበባን ከላይ አይተዋታል። ልጄ ስለ ጉሬዛዎቹ፣ በዝግባው ሥር ስላለው ጸጥታ፣ ራሱ ስላቦካው ቂጣ ሲነግረኝ፣ ለወራት ከእርሱ አፍ ያልሰማሁትን ያህል ቃል በአንድ ምሽት ሰማሁ።

አማካሪው በዕድሜ ወጣት ቢሆንም ልጆቹ ሁሉ «ጋሼ» ይሉታል። ልጆቹን በክብ አስቀምጦ ጥፋታችሁን ተናገሩ አላላቸውም። በየቀኑ ከሁለት ልጆች ጋር እየተፈራረቀ ለብቻ ይጓዛል፤ ጎን ለጎን እየሄዱ ማውራት ፊት ለፊት ተቀምጦ ከማውራት ይቀላል፣ በተለይ ዓይን ላለማየት አንገቱን ለደፋ ልጅ። በአምስተኛው ቀን ስልክ ደውሎልኝ ለልጄ ደብዳቤ እንድጽፍ ጠየቀኝ። በአሜሪካ በብዙዎቹ መርሐ ግብሮች ወላጅ የልጁን ጥፋት አንድ በአንድ ዘርዝሮ እንዲጽፍና ልጁ ደብዳቤውን በእኩዮቹ ፊት እንዲያነበው ይደረጋል። እርሱ ግን ተቃራኒውን አለኝ፦ «እርስዎ ስለ እርሱ የሚያውቁትን፣ ሌላ ሰው የማያውቀውን መልካም ነገር ብቻ ይጻፉልኝ፤ መስቀሉን አያንሡበት።» ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። በአራት ዓመቱ የጎረቤት ልጅ ወድቆ ሲያለቅስ የራሱን ዳቦ ይዞለት እንደሮጠ ጻፍሁለት። ደብዳቤውን አሁንም በትምህርት ቤት ቦርሳው የውስጥ ኪስ ውስጥ ይዞት ይሄዳል።

ስድስተኛው ቀን ላይ የሆነውን ግን ያለ ቁጣ ልጽፈው አልቻልሁም። ልጄ ሆዱን ያመው ጀመር፤ ያስቀምጠዋል፣ ምግብ አይረጋለትም። ከቡድን መሪዎቹ አንዱ «እንጨት ለቀማውን ሊሸሽ ነው» ብሎ እንዲነሣ አዘዘው፤ ቀኑን ሙሉ አብሯቸው ተጓዘ። ማታ አማካሪው ከሌላ ልጅ ጋር ሄዶ ሲመለስ አይቶት፣ ከመሪው ጋር ተጣልቶ፣ በዚያው ሌሊት ሰበታ ወደሚገኝ ጤና ተቋም ይዞት ወረደ። ጃርዲያ ተገኘበት፤ የምንጭ ውኃውን በመጀመሪያዎቹ ቀናት አፍልተው ሲጠጡ ቆይተው፣ እንጨቱ ርጥብ ሲሆንባቸው ማፍላቱን ትተውት ነበር። መድኃኒቱን ወስዶ በሦስተኛው ቀን ዳነ። ለእኔ የተነገረኝ ከዳነ በኋላ ነው።

ልጁ ድኗልና ነገሩን ቀለል አድርጌ እንዳየው የነገሩኝ ሰዎች አሉ። ቀለል ልታደርገው የማትችል እናት የምሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በዩታ በረሃ በዚህ ዓይነት መርሐ ግብር ውስጥ የነበረ የ16 ዓመት ልጅ ሆዱን እያመመው፣ ሰውነቱ እየከሳ፣ እያስመሰለ ነው ተብሎ ቀናት ከቆየ በኋላ የተበሳ የአንጀት ቁስል እንደ ገደለው ስላነበብሁ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤትን የሚያገለግለው የኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረበው ሪፖርት በእንዲህ ያሉ ተቋማት የሞቱ የ10 ታዳጊዎችን ጉዳይ መርምሯል፤ በ2005 ብቻ በ33 ግዛቶች 1,619 ሠራተኞች በልጆች ላይ ከደረሰ በደል ጋር ስማቸው መነሣቱንም ጽፏል። በፌብሩዋሪ 2024 በሰሜን ካሮላይና አንድ የ12 ዓመት ልጅ ካምፕ በገባ በመጀመሪያው ሌሊት፣ እንደ ልቡ ከማይወጣባት ጠባብ የመኝታ ድንኳን ውስጥ ታፍኖ ሞተ፤ ግዛቱም የተቋሙን ፈቃድ ሰረዘ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ በተቋማት የሚኖሩ ልጆችን የሚመለከት የፌዴራል ሕግ ጸደቀ። በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ደጋግሞ የሚታየው ገዳይ ተራራው ወይም አውሬው ሳይሆን የልጁን ቃል አለማመን ነው። «አስቸጋሪ» ተብሎ የተመዘገበ ልጅ አመመኝ ሲል ማን ይሰማዋል? ልጄን ያተረፈው የአንድ ሰው ንቃት ነው፤ ያ ሰው በዚያ ሌሊት ዕረፍት ወጥቶ ቢሆን ኖሮ እያልሁ ዛሬም እሰጋለሁ።

ስለ ቅጣትም አንድ ነገር ልበል። አንድ ጠዋት ተሳድቧል የተባለ ልጅ ብርድ ላይ ጠጠር መሬት ተንበርክኮ እንዲቆይ ተደርጓል። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤቶችና ሕፃናትን በሚያሳድጉ ተቋማት ውስጥ አካላቸውን ከሚጎዳ ወይም ከጭካኔና ኢሰብአዊ ከሆነ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ልጅን ለ14 ቀን ተረክቦ የሚያሳድር ድርጅት ከዚህ ውጭ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ይህንን በጽሑፍ ካቀረብሁ በኋላ ያ የቡድን መሪ ከልጆች ጋር ከመሥራት ተነሥቷል ተብያለሁ፤ ለወደፊቱ የሚሠራበት የጽሑፍ መመሪያ ግን እስካሁን አላሳዩኝም።

ልጄ ሲመለስ ፊቱ በፀሐይ ጠቁሮ፣ ትከሻው ተቃንቶ ነበር። ለሦስት ሳምንት በጠዋት ተነሥቶ ሻይ እያፈላ አስነሥቶኛል። ዘመድ ሁሉ ስልክ እየደወለ እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። በአምስተኛው ሳምንት አንድ ምሽት ሳይመጣ ቆየ፤ ሲገባ ጉንጩ ጫት ይዞ ነበር፤ ሊደብቀውም አልሞከረም። አብሮት የዋለው ካምፕ ውስጥ የተዋወቀው ልጅ ነው። ይህ ደግሞ አስቀድሞ የታወቀ አደጋ መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው፤ ልጆችን በምክርና በእርዳታ ከጥፋት ለመጠበቅ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ እ.ኤ.አ. በ1939 ተጀምሮ ለረጅም ዓመታት ክትትል በተደረገበት የካምብሪጅ ሶመርቪል ጥናት፣ እርዳታ ከተሰጣቸው ልጆች ሁሉ በኋላ ሕይወታቸው የከፋው በተደጋጋሚ የበጋ ካምፕ የተላኩት ሆነው ተገኝተዋል። የተቸገሩ ልጆችን አንድ ላይ ስታኖራቸው አንዱ ለሌላው ተመልካችና አጨብጫቢ ይሆናል። ያንን ልጅ አልወቅሰውም፤ እርሱም የእናት ልጅ ነው፣ ከእኔ ልጅ የባሰ ብቻውን የሆነ። የምወቅሰው ሁለቱን አገናኝቶ ስልክ አለዋውጦ አውቶቡስ ላይ ሲያወርዳቸው ሥራው አበቃ ብሎ የሚያምነውን አሠራር ነው።

ውሉ ላይ «ከቆይታ በኋላ ክትትል» የሚል መስመር አለ። ክትትሉ በሁለተኛው ሳምንት የመጣች አንዲት የስልክ ጥሪ ሆና ተገኘች፦ ደኅና ነው? ደኅና ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ቢሮ ድረስ ሄጄ አቤት ካልሁ በኋላ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አማካሪው አራት ጊዜ ቤታችን እንዲመጣ ተስማሙ። ለእኔ አገልግሎቱ በእውነት የተጀመረው ያን ጊዜ ነው።

በመጀመሪያው ጉብኝት ቡና አፍልቼ ሦስታችን ተቀመጥን። አማካሪው ብዙ አልተናገረም። ልጄን «ስለ መስቀሉ ልትነግራት የፈለግኸው ነገር ነበር» አለው። ልጄ መሬት መሬት እያየ፣ ከዶሮ ማነቂያ ስንወጣ የአያቱን አልጋ፣ መሶቧን፣ እንዝርቷን ሳይቀር ለቆራሌው መሸጤን፣ እርሱን ምንም አለመጠየቄን ተናገረ። «ሁሉም ነገር ሲሸጥ መስቀሉ ለምን ይቀራል ብዬ ነው፣ እማዬ» አለኝ። አዲሱ ቤት ጠባብ ነበር፣ የመልቀቂያው ቀንም አጭር ነበር፤ ይህን ሁሉ ልነግረው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ወራት ሙሉ ሌባ ሆነብኝ እያልሁ ያለቀስሁበት ልጅ በራሱ መንገድ ለአያቱ ያለቅስ ነበር። በሁለተኛው ጉብኝት የእናቴን ሙት ዓመት ከእርሱ ጋር እንዴት እንደምንዘክር ተነጋገርን፤ በሦስተኛው ስለ ስልኩና ስለ ውርርዱ የምንጸናበትን ስምምነት ሁለታችንም ፈረምንበት፤ የእኔም ግዴታ ተጽፎበታል፣ በሰው ፊት እንዳልሰድበው። በአራተኛው ከትምህርት ቤቱ የክፍል ኃላፊ ጋር አገናኘን።

ዛሬ ትምህርት ቤት አይቀርም። ሒሳብ አሁንም ይከብደዋል። ከሚያዝያ ወዲህ ጫት እንዳልቃመ ይነግረኛል፣ አምነዋለሁም። የሆስፒታሉን ቀጠሮ በራሱ ያስታውሳል።

ለ14 ቀኑ የከፈልሁት 46,000 ብር ነው፤ በእኔ ደመወዝ ከባድ ገንዘብ ነው፣ ግማሹን ከዕቁብ ያገኘሁት ነው። ጫካው ምንም አልሠራም ብል እዋሻለሁ፤ ልጄ እንቅልፉን ያገኘው፣ አፉንም የፈታው እዚያ ነው፣ አማካሪው የልጄን እምነት ያገኘውም በዚያ ጉዞ ላይ ነው፤ ቤታችን በቀጥታ ቢመጣ ኖሮ በሩ ይዘጋበት ነበር። ነገር ግን ገንዘቡን የበላው የመጓጓዣው፣ የድንኳኑና የምግቡ ወጪ ሲሆን፣ ልጄን ያቀናው የሁለት ሰዓት የቤት ጉብኝት በጭቅጭቅ የተገኘ ምርቃት መሆኑ ልክ አይደለም። ለድርጅቱ በጽሑፍ ያቀረብሁት ሐሳብም ይህ ነው፤ ቆይታው ወደ ሰባት ሌሊት ይጠርና በተረፈው ገንዘብ እያንዳንዱ ልጅ ቢያንስ ስድስት የቤት ጉብኝት ይኑረው። አጭሩ ቆይታ ከረጅሙ እንደማያንስ ጥናቱ ይናገራል፤ ቤት ውስጥ የተቋጠረው ነገር ግን ወጨጫ ጫፍ ላይ አይፈታም። ከሐኪም የጽሑፍ ማረጋገጫ ያላመጣ ልጅ አይግባ፣ አንድ የጤና ባለሙያ ሌሊቱን ካምፑ ውስጥ ይደር፣ ልጁ ታመምሁ ባለ ሰዓት ወላጅ ይደወልለት የሚሉትንም ጨምሬያለሁ። የመጀመሪያውን እያጠኑት እንደ ሆነ፣ የኋለኞቹን እንደሚቀበሉ በቃል ነግረውኛል።

በዚህ ክረምት ልጃችሁን ልትልኩ ያሰባችሁ ወላጆች ቢሮው ስትሄዱ ፎቶግራፎቹን አልፋችሁ አማካሪውን ራሱን አግኙት፤ ስንት ልጆች እንደያዘ፣ ከቆይታው በኋላ በየትኛው ቀን ቤታችሁ እንደሚመጣ ጠይቁና ቀኑን ውሉ ላይ አስጽፉት። የዝናብ ወቅት ስለ ሆነ የመኝታ ከረጢቱን በእጃችሁ ዳስሱ። ልጃችሁንም እውነቱን ንገሩት፤ እንቢ ቢል ጥቂት ቀን ታገሡት።

ልጄ ይህን ጽሑፍ ካነበበ በኋላ አንድ ነገር ብቻ እንድጨምር ጠይቆኛል። የእሑዱ የስልክ ጥሪ ለእያንዳንዱ ልጅ አምስት ደቂቃ ብቻ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደቂቃዎች ላለማልቀስ ሲታገል እንዳለቁበትና፣ ለሚቀጥሉት ልጆች ጊዜው እንዲረዘምላቸው ንገሪያቸው ብሎኛል።